ደም ሲደርቅ፣ መዝገብ ሲዘጋ

ሽማግሎቹ ጎህ ሲቀድ ይደርሳሉ፤ ግን አይገቡም። የፈረሶቻቸውን ልጓም እንደያዙ ከአጥሩ ውጭ ይቆማሉ። በባሌ ደጋ ንጋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሳሩ ላይ ያደረው ውርጭ ገና አልቀለጠም፣ ጋቢ የተከናነበ ሰው ሁሉ እስትንፋሱ ፊቱ ላይ ይጨሳል። ከግቢው ውስጥ ውሻ ይጮኻል፣ ከጣራው ጭስ ይወጣል፤ ሰው መኖሩ ያስታውቃል። ሆኖም ወጥቶ «እንደምን አደራችሁ» የሚል፣ ልጓም የሚቀበል የለም። እነሱም አይጣሩም። አንዱ ጎንበስ ብሎ ለምለም ሳር ይነጭና በእጁ ይይዛል። ፀሐይ ወጥታ ውርጩ ሲረግፍ አንድ ቃል ሳይናገሩ ይመለሳሉ። የመጡበትን ጉዳይ ግን ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህ ቤት ሰው ተገድሏል፤ የገዳዩ ወገን እርቅ ይለምናል።

ይህ ደጅ ጥናት በአንድ ቀን አያልቅም። ሁለተኛ ይመጣሉ፣ ሦስተኛ ይመጣሉ፤ አንዳንዴ ክረምቱ ገብቶ ይወጣል። የሚላኩት ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ፣ ከሦስተኛ ጎሳ የተመረጡ ጃርሳ ቢያ ናቸው፤ የአገር ሽማግሌ የምንላቸው ማለት ነው። ዝርዝሩ ከጎሳ ጎሳ፣ ከወንዝ ወንዝ ይለያያል። አንዱ ጋ ሼኽ ይጨመራል፣ ሌላው ጋ ሴቶች በትራቸውን ይዘው ይቀድማሉ። ስሙ ግን በሮቤም በጎባም በዲንሾም አንድ ነው፤ ጉማ።

ቃሉ ለአማርኛ አንባቢም እንግዳ አይደለም። ሚሸል ፓፓታኪስ «ጉማ» ብሎ የሰየመው ፊልም ነገሩ የደም ካሳ ነው፤ ለአገራችን ፊልም ሠሪዎች የሚሰጠው የጉማ ሽልማትም ስሙን የወረሰው ከዚያ ነው። ቀይ ምንጣፍ ላይ ቆመው ፎቶ ከሚነሱት ውስጥ ሽልማቱ የደም ዋጋ ስም እንደያዘ ስንቱ ያስታውስ ይሆን?

ከሮቤ ጎባ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቁ ነው እንጂ መንገዱስ አጭር ነው። ግራና ቀኙ ስንዴ ነው። በአጨዳ ወቅት ከማሳ የወጣ ኮምባይነር አስፋልቱን ሲሞላው ሾፌሩ ጥሩንባ እየነፋ ከኋላው ይጎተታል። ጎባ ሲደርሱ ተራራው ከፊት ይገተራል። ከዚያ በላይ ሳነቴ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ በ4,377 ሜትር፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። ጎብኚው ዓይኑ ቀይ ቀበሮ ፍለጋ ይንከራተታል። ገበሬው የሚያየው ድንበሩን ነው። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ማሳን ከማሳ የምትለየው ግን አንዲት የሳር መስመር ናት። ትራክተሩ አንድ ትልም አልፎ ከገባ፣ ከብት ገብስ ውስጥ ካደረ፣ በሰርግ ማታ አንዱ የሌላውን አባት ስም ካነሳ ዱላ ይመዘዛል። አብዛኛው በዱላ ያበቃል፤ አንዳንዱ ነፍስ ይጠፋበታል።

ያን ጊዜ ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ይጀመራል።

አንዱ ወረቀት ላይ ነው። ፖሊስ ይመጣል፣ አስከሬኑ ሆስፒታል ይሄዳል፣ ተጠርጣሪው ቃሉን ይሰጣል፣ ዐቃቤ ሕግ ክስ ይመሠርታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 540 ለተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ፅኑ እስራት አስቀምጧል። ችሎቱ ምስክር ይሰማል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ደግሞ ቀጠሮ ይሰጣል። የሟች ሚስት በዚህ ሁሉ ውስጥ ቦታዋ የት ነው? ያየችው ነገር ካለ ምስክር ናት። ከሌለ የኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ታዳሚ ናት። ከሳሹ መንግሥት ነው፤ የተጣሰውም ሕጉ ነው። ባሏ የሞተባት ግን እሷ ናት።

ሌላው ሥራ ቀዬው ላይ ነው። ገዳዩ ታስሯል፤ ወንድሞቹና የአጎቱ ልጆች ግን ደጅ ናቸው፣ ደም የሚፈለገውም ከእሱ ብቻ ሳይሆን ከወገኑ ሁሉ ነው። ስለዚህ ገበያ መውጣት ይተዋሉ። ልጆች ትምህርት ቤት ለመሄድ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ይመርጣሉ። አንዳንዱ ቤቱን ዘግቶ ሌላ ወረዳ ዘመድ ጋ ይጠጋል፤ የደረሰ ስንዴው አጫጅ ያጣል። ሕጉ ቅጣት የግል ነው ይላል፤ ትክክልም ነው። ቂም ግን ሕጉን አላነበበም።

እንግዲህ ዳኛው የሚመልሰው ጥያቄና ሽማግሌው የሚመልሰው ጥያቄ ይለያያል። ዳኛው ማን አጠፋ፣ ምን ያህል ይቀጣ ይላል። ሽማግሌው ሁለቱ ቤተሰቦች ከነገ ወዲያ ከአንድ ምንጭ እንዴት ውኃ ይቀዳሉ ይላል። ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ይፈልጋሉ። የእኔ ቅሬታ ሁለቱ መላሾች ከአንድ መዝገብ ፊት ተቀምጠው አለመነጋገራቸው ላይ ነው።

ሳይነጋገሩ ሲቀሩ የሚሆነው የታወቀ ነው። ፍርድ ቤቱ ብቻውን ሲሠራ፣ እስሩን ጨርሶ የወጣው ሰው ጉማው ስላልተከፈለ በቀዬው መሹለክለክ ይጀምራል፤ ደመኛው ዓመታቱን ሲቆጥር ኖሯል። መንግሥት ዕዳውን ተቀብሎ ጨርሷል፣ የሟች ወንድም ግን አልተቀበለም። ሽማግሎቹ ብቻቸውን ሲሠሩ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እርቅ ይወርዳል፣ ካሳ ይከፈላል፤ በማግሥቱ ዐቃቤ ሕጉ የቆጠራቸው ምስክሮች አላየንም፣ አልሰማንም ይላሉ። በአገራችን የወንጀል ችሎት የሠራ ሰው ሁሉ ይህችን ቀን ያውቃታል። መዝገቡ ይዘጋል፤ እርቁ በፈቃድ ይሁን በጫና የጠየቀ ግን የለም።

ነገሩ እንዲህ የተለያየው በአጋጣሚ አይደለም። በድሮው የአገራችን ፍርድ የሟች ወገን ደም ወይም ገንዘብ የመምረጥ መብት ነበረው፤ ንጉሡም ሽማግሌ ሆነው ካሳውን ተቀበሉ ብለው የሚለምኑበት ጊዜ ነበር። ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ አገሪቱ ሕጓን በአዲስ መልክ ጻፈች። የወንጀለኛ መቅጫውን የስዊዘርላንዱ ዣን ግራቨን፣ የፍትሐ ብሔሩን ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ አረቀቁት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3347 እሱ በያዛቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማድ ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሻረ። ለሽማግሌ የተረፈችው ቦታ ጠባብ ናት። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 223 የአጥቢያ ዳኛ ስድብን፣ የእጅ እልፊትን፣ ጥቃቅን የንብረት ጉዳትንና ዋጋው ከ5 ብር ያልበለጠ ስርቆትን በተቻለ መጠን በእርቅ እንዲጨርስ ፈቀደለት። 5 ብር! ለሟች ቤተሰብ የሕሊና ካሳም ጣሪያ ተበጀለት፤ የፍትሐ ብሔሩ አንቀጽ 2116 ከ1 ሺሕ ብር አይበልጥም አለ። ዛሬ 1 ሺሕ ብር ይዞ ሮቤ ገበያ የወጣ ሰው በግ ገዝቶ አይመለስም። በአርሲ ኦሮሞ የጉማ ስሌት የሰው ደም የሚነሳው ከመቶ ከብት ነው።

መቶው ከብት እንዳለ ይነዳል ማለት ግን አይደለም። ደጁ ተከፍቶ ሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ሲቀመጡ፣ መጀመሪያ የሚቆጠረው ከብት ሳይሆን እውነት ነው። ማን መታ፣ በምን መታ፣ ከዚያ በፊት ማን ምን ተናገረ? የገዳዩ ወገን አላደረግንም ብሎ እርቅ መለመን አይችልም። በችሎት ግን አብዛኛውን ጊዜ የጠበቃ የመጀመሪያ ምክር «አላደረግሁም በል» ነው፤ የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ስለሆነ ምክሩ ሕጋዊ ነው። በዚህ አንድ ልዩነት ላይ ብዙ ነገር ይንጠለጠላል። እናት ልጇ በመጨረሻዋ ሰዓት ምን እንዳለ የምትሰማው ከገዳዩ አፍ ከሆነ፣ ሊነግራት የሚችለው በሽማግሎቹ ፊት ነው።

ከዚያ ስሌቱ ይመጣል፤ ስለ ፈጣሪ ብላችሁ ይህን ያህል ተዉ፣ ስለ ሽማግሌው ሽበት ይህን ያህል ተዉ እየተባለ ቁጥሩ ይወርዳል። የተረፈውን ገዳዩ ብቻውን አይከፍልም፤ ከጎሳው ቤት ለቤት ይዋጣል። አሁን አሁን ከብቱ በአብዛኛው ብር ሆኗል። ሁሉም ስለሚያዋጣም ነው ጎሳው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚያ ጎረምሳ ላይ ዓይኑን የማይነቅለው፤ የሱ ዱላ የሁሉንም ኪስ ነክታለች። በብዙ ቦታ ከብት ወይም በግ ታርዶ፣ ሁለቱ ወገን ከአንድ ገበታ ቆርሰው፣ ከእንግዲህ ደም የለም ብለው ይማማላሉ። አማርኛችን ለዚህ ደም ማድረቅ የሚል ውብ ቃል አለው።

በሕግ ትምህርት ቤቶች ይህን መሰል አሠራር ተሃድሷዊ ፍትሕ ይሉታል፤ አፍ የማይሞላ ስም ነው፣ ግን ሌላ አላገኘንም። የዘመናዊው እንቅስቃሴ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ካናዳ፣ ኦንታሪዮ፣ ኪችነር ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሁለት ወጣቶች በአቅራቢያው ባለች ትንሽ ከተማ በአንድ ሌሊት የ22 ሰዎችን ንብረት አበላሹ። ማርክ ያንትዚ የተባለ የአመክሮ ሠራተኛ ልጆቹ ከመታሰር ይልቅ በየቤቱ ሄደው ተበዳዮቹን ፊት ለፊት ቢያናግሩስ ብሎ ለዳኛው ሐሳብ አቀረበ፤ ዳኛው ተቀበለው። የባሌ ሽማግሌ ይህን ቢሰማ «ታዲያ ሌላ ምን ሊደረግ ነበር?» ሳይል አይቀርም። ከሦስት ዓመት በኋላ ኖርዌያዊው ኒልስ ክሪስቲ ጠብ የተጣሉት ሰዎች ንብረት ነው፣ መንግሥትና ጠበቆች ከእጃቸው ነጥቀዋቸዋል ብሎ ጻፈ። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1989 የማኦሪዎችን የቤተሰብ ሸንጎ በወጣት ጥፋተኞች ሕጓ ውስጥ አስገባች። በእንግሊዝና በአውስትራሊያ የተደረጉ ሙከራዎች ተበዳዮች ከችሎት ብቻ ይልቅ በዚህ መንገድ የበለጠ እንደሚረኩ አሳይተዋል፤ ጥፋት መድገምን መቀነሱ ግን ልከኛ ነው፣ ተአምር የሚሠራ የለም። ሩዋንዳ ደግሞ ጋቻቻ በተባለ የቀዬ ሸንጎ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ጉዳዮችን አይታ እ.ኤ.አ. በ2012 ዘጋችው፤ ያም ብዙ ሙገሳና ብዙ ወቀሳ አትርፎላታል።

ወደ ባሌ ልመለስና ስለ ሴቶቹ በትር ልናገር።

ሲንቄ ቀጭን በትር ናት። የአርሲ ኦሮሞ ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ ይዛት ትሄዳለች፤ ሀሮሬሳ ከሚባል ዛፍ ትቆረጣለች። ለመማቻ አትሆንም፤ ከብት እንኳ አይነዱባትም። ጎጆው ውስጥ በክብር ትቀመጣለች። ባል ሚስቱን፣ ይልቁንም የወለደችና ግንባሯ ላይ ቀነፋ ያሰረች አራስን ከመታ፣ ተበዳይዋ ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ትጮኻለች። ጩኸቱን የሰማች ጎረቤት ሁሉ የራሷን ሲንቄ ይዛ ትወጣለች፤ የእናቴ ልጅ፣ ሰማሽ ወይ እየተባባሉ ከጎጆ ጎጆ ይጠራራሉ። ማጀቱ ይዘጋል። ላም ሳትታለብ ታድራለች፣ ሕፃን ለአባቱ ይቀራል፣ ገንፎም ጩኮም የሚሠራ የለም። ሴቶቹ በአንድነት ዘምተው በበዳዩ ደጅ ይሰፍራሉ። ሳይታረቁ ከተመለሱ እርግማናቸው ይፈራል፤ ስለዚህ ባሎችና ሽማግሎች በዳዩን እያጣደፉ ያመጡታል። ጥፋቱን ያምናል፣ ይቅርታ ይለምናል፣ የተፈረደበትን ከብት ያቀርባል፤ ሴቶቹም መርቀው ይመለሳሉ። ሁለት ወገን ጦር ሲማዘዝ ሲንቄ የያዙ ሴቶች ከመሀል ከቆሙም የሚያልፋቸው ወንድ የለም።

እዚህ ላይ የሚያስደንቀኝ ተበዳይዋ የሂደቱ ባለቤት መሆኗ ነው። ሳትጮኽ አይጀመርም፣ ሳትረካ አያልቅም። የቱንም ያህል ጥሩ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህን ለአንዲት ሴት ሰጥቶ አያውቅም። ቢሆንም ሲንቄን አይቶ ባህሉ ለሴት ሁልጊዜ ይቆማል ብሎ መደምደም ራስን ማታለል ነው። በጉማው ሸንጎ ካሳ የሚሰላው በወንዶች አፍ ነው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በጎረቤት አርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ተደፈረች፤ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለችው። ጉዳዩን የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያዘው፤ ከመሥራቾቹ አንዷ፣ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ሽማግሎቹ ግን ከቀዬዋ እንድትርቅ ወሰኑ። «ድፍረት» የተባለው ፊልም ይህን ታሪክ ለዓለም አሳይቷል። በዚያ ሸንጎ ደም ፈስሷል፣ ደሙም ዋጋ አለው ተብሎ ተሰላ፤ በእሷ ላይ የደረሰው ግን ከሚዛኑ አልገባም። ያኔ ልጅቱን ያየው ዘመናዊው ችሎት ነበር። በዚያን ዘመን የነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም፤ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። የተዘጋው በ1996ቱ ሕግ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 እና 78 ለባህልና ለሃይማኖት ዳኝነት በር ከፍቷል፤ ግን ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ፣ በተከራካሪዎች ፈቃድ ነው። ወንጀል በስም አልተጠራም። የ2003 ዓ.ም. የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ አንድ እርምጃ ሄዶ ከክስ ውጭ ያሉ አማራጮችንና እርቅን ተቀበለ። ከዚያ ጨፌ ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 240ን አውጥቶ ለባህል ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ እውቅና ሰጠ፤ በቀበሌ የሚያይ፣ በወረዳ ይግባኝ የሚሰማ፣ በባለጉዳዮች ፈቃድ የሚሠራ። ለዘመናት ዛፍ ሥር የኖረው ዳኝነት አሁን በመንግሥት አዋጅ ላይ ስሙ ሰፍሯል። ሰዉ ወደዚያ የሚሄድበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በቋንቋው ይሰማል፣ ጠበቃ አይጠየቅም፣ ለአንድ የወሰን ክርክር ሦስት የእርሻ ወቅት አይመላለስም።

ሥጋቴ ሁለት ነው። እርቅ ኃይሉን የሚያገኘው ከፈቃድ ነው፤ ማኅተምና ወንበር ሲጨመርበት ሽማግሌው ቀስ በቀስ ትንሽ ዳኛ እንዳይሆን እፈራለሁ። ሁለተኛው ከተማውን ይመለከታል። ጎባ የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት፤ ሮቤም የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሆናለች። በአንድ ሰፈር አርሲ ኦሮሞው፣ ከሸዋ የመጣው የነፍጠኛ ልጅ ልጅ፣ ከየክልሉ የመጣ ተማሪና ነጋዴ ይኖራሉ። ጉማን ቤት ለቤት የሚያዋጣለት ጎሳ የሌለው ሰው ቢያጠፋ ማን ይቆምለታል? ቢበደልስ ማን ደጅ ይጠናለታል? እዚህ አገር ቄስና ሼኽ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማስታረቃቸው የኖረ ነገር ነው፤ የለቅሶ ዕድርም አለ። አዋጁ የሚመሠርተው ሸንጎ ይህን ቅይጥ ካልመሰለ ለአንዱ ወገን ብቻ ቤት ይሆናል።

ችሎቱንና ሽማግሎቹን ማገናኘት ቢፈለግ መሣሪያው በእጅ አለ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ጥፋቱን አምኖ የተጸጸተና ጉዳቱን በቻለው መጠን የካሰ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት ይፈቅዳል። ስለዚህ እርቁ ተደብቆ ምስክር ከሚያጠፋ፣ በግልጽ ወደ መዝገቡ ቢገባስ? ዳኛው የሟችን ሚስት ለብቻዋ ጠርቶ «እርቁን ወደሽ ነው? ካሳው እጅሽ ገብቷል?» ብሎ ቢጠይቃት፣ ከዚያ ቅጣቱን ቢወስን? እንዲህ ያለው ጥያቄ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። በአስገድዶ መድፈርና በጠለፋ ላይ ግን እርቅ ክሱን እንዲተካ መንገዱ መከፈት የለበትም፤ እዚያ ላይ የቤተሰብ ሰላም የሚባለው ብዙ ጊዜ የልጅቱ ዝምታ ነው።

የባሌን ደጋ ሳነሳ የማላልፈው አንድ ጉዳይ ይቀራል። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ይህ አገር በመሬትና በግብር በደል ተነስቶ ሸፍቶ ነበር። የአመፁ መሪ ዋቆ ጉቱ እጃቸውን የሰጡት ጄኔራል ጃገማ ኬሎ የባሌ ገዥ በነበሩበት ጊዜ ነው፤ ነገሩ ያለቀው በድርድርም እንጂ በመድፍ ብቻ አይደለም። ምሕረት ተባለ። ምሕረት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነው፤ ያጠፋው ሕዝቡ ነው ተብሎ ተሰጠ። መንግሥት በፈንታው የማን ደጅ ቆሞ ሳር ነጨ? በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ክስን፣ እውነት ማፈላለግን፣ ካሳን፣ በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ምሕረትንና የተቋማት ማሻሻያን ይዟል፤ ለባህላዊ ፍትሕም ቦታ ሰጥቷል። በዚያ ገበታ ላይ ገዳዩ ወገን መንግሥት ራሱ የሆነባቸው መዝገቦች አሉ። ጉማ እውነቱን ሳያወጣ ከብት አይቆጥርም፤ ፖሊሲው ከባሌ አንድ ነገር ይዋስ ከተባለ ይህን ቅደም ተከተል ይዋስ።

ሽማግሎቹ አሁንም ከአጥሩ ውጭ ናቸው። አራተኛ ወይም አምስተኛ ጊዜያቸው ነው፤ ውሻው ለምዷቸው መጮኹን ትቷል። ውርጩ ሊረግፍ ሲል የግቢው መዝጊያ ይንቀሳቀሳል። የአባቱን ሰፊ ኮት የለበሰ ልጅ ይወጣል፣ ማንንም ቀና ብሎ አያይም። ከፊት ወደቆመው ፈረስ ሄዶ እጁን ለልጓሙ ይዘረጋል።